የሳይንስና ቴክኖሎጂ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ክበባችን ዘንድሮ ያከናወነው ዋና ሥራ የባቄላ ቡቃያ በፀሐይና በጥላ የሚያሳየውን የዕድገት ልዩነት መከታተልና ውጤቱን ኤክሴል በተባለው የኮምፒውተር ሠንጠረዥ ፕሮግራም ማደራጀት ነበር። ባቄላው መረሬ አፈር በተሞሉ የፕላስቲክ ኩባያዎች ተዘርቶ ገሚሱ ከቤተ ሙከራው ደጃፍ፣ ገሚሱ ከዛፍ ጥላ ሥር የተቀመጠ ሲሆን፣ አባላቱ ቁመቱን በየሳምንቱ፣ የጠዋቱን የአየር ሙቀት ደግሞ በየትምህርት ቀኑ እየለኩ በደብተር መዝግበዋል። በጥላ ያደጉት ቀጥነው ሲረዝሙ በፀሐይ ያደጉት አጥረው ጠንክረዋል። እዚህ በስፋት የምገልጸው ግን ልኬቱ ወደ ኮምፒውተር ሲገባ ያጋጠመንን ነው።

ኤክሴል የእኛን የዘመን አቆጣጠር አያውቅም። ከአባላቱ አንዷ የጥቅምትን መረጃ ስታስገባ 28/2/2017ን ፕሮግራሙ እንደ ቀን ተቀብሎ ወደ ሴሉ (የሠንጠረዡ ሳጥን) ቀኝ አስጠጋው፤ 30/2/2017ን ግን በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ እንደ ተራ ጽሑፍ በግራ በኩል ተወው። መረጃው በቅደም ተከተል ሲደረደርም የወሩ መጨረሻ ከቦታው ወጥቶ ከሁሉም በታች ወረደ። ጳጉሜንማ 13ኛ ወር በመሆኗ ጨርሶ እንደ ቀን አትነበብም። ከጠዋቱ 12 ሰዓት የተወሰደ ልኬትም 12:00 ተብሎ ከገባ እኩለ ቀን ሆኖ ይቆጠራል። ስለዚህ ቀን፣ ወርና ዓመት በየራሳቸው ዓምድ እንዲገቡ ወሰንን። ይህ ችግር ታላላቅ ተመራማሪዎችንም የፈተነ ነው፤ የሰው ዘረ መሎችን ስያሜ የሚያጸድቀው ዓለም አቀፍ ኮሚቴ በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ኤክሴል ስማቸውን ወደ ቀን እየለወጠ ያስቸገረባቸውን አንዳንድ ዘረ መሎች መጠሪያቸውን እስከ መቀየር ደርሷል።

በምድብ ስያሜው ላይ አንዱ «ፀሐይ»፣ ሌላው «ፀሀይ»፣ ሦስተኛው «ጸሐይ» ብለው ስለጻፉ አንዱ ምድብ በማጠቃለያ ሠንጠረዡ ሦስት ሆኖ ወጣ። አሁን ስያሜው ከተዘጋጀ ዝርዝር ብቻ ይመረጣል። «12 ሴ.ሜ.» ተብሎ የገባው ቁመትም እንደ ጽሑፍ ተቆጥሮ ከአማካዩ ውጭ በመሆኑ፣ መለኪያው ወደ ዓምዱ ርዕስ ተዛውሮ በሴሉ ቁጥሩ ብቻ ቀርቷል።

ከሁሉ ጥንቃቄ የጠየቀው የዜሮ ጉዳይ ነው። ከተማችን ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር ከፍታ በላይ የምትገኝ፣ ከጥቅምት ጀምሮ ውርጭ የሚጥልባት ከተማ በመሆኗ በጠዋቱ የሙቀት ዓምድ 0 እውነተኛ ልኬት ሊሆን ይችላል። አንዳንድ አባላት ግን ያልተለካባቸውን የእሑድና የበዓል ቀናት በ0 ሞልተዋቸው ነበር። ኤክሴል አማካይ ሲያሰላ ባዶ ሴልን ይዘላል፣ ዜሮን ግን ይቆጥራል፤ ስለዚህ አማካዩ ከእውነተኛው በታች ይወርዳል። ይህን ያስተዋለው የ9ኛ ክፍል አባል ነው፤ «ቲቸር፣ ይህ ዜሮ ውርጭ ነው ወይስ እሑድ?» ሲል ጠየቀኝ። በእኔ እምነት ክበቡ ዘንድሮ ካቀረበው የግድግዳ ኤግዚቢሽን ሁሉ ይህ ጥያቄ ይበልጣል። አባላቱ ደብተሩን ገጽ በገጽ እያመሳከሩ ያልተለካውን ባዶ አደረጉ፤ ምክንያቱንም «ማስታወሻ» በሚል ዓምድ ጻፉ።

ከደብተሩ የተገለበጠው መረጃ ሳይነካ ተቀምጦ ስሌቱ በቅጂው ላይ ይሠራል። በፋይሉ ሁለተኛ ገጽ የየዓምዱ ትርጉም፣ መለኪያውና የተለካበት መሣሪያ ተጽፏል። ፋይሉ በቤተ ሙከራው ኮምፒውተርና በፍላሽ፣ ደብተሩም በመደርደሪያው ላይ ስለሚገኙ፣ የ2018 ዓ.ም. አባላት በዚሁ አሠራር የገብስ ቡቃያን ሙከራ ይጀምራሉ።