ያን ሰውዬ ለምን እንደማልወደው

ለእታለም፣

እንደምን ሰንብታችኋል? እኔ ደህና ነኝ። ሥራ አለ፣ ጤና አለ፣ የሚያንሰኝ እንቅልፍ ብቻ ነው። እማዬንና አባዬን በስልክ ስለማገኛቸው ይሄ ደብዳቤ ላንቺ ነው። ብታነቢላቸውም አልቀየምም። እማዬ ግን ገና ከመሃሉ ሳትደርሺ «አሁን ይሄ ምን ያስጽፋል?» ማለቷ አይቀርም።

በላክሽልኝ የድምፅ መልእክት ስለዚያ ስለምትወጂው የፊልም ተዋናይ «ምን አድርጎህ ነው እንዲህ የጠላኸው? ብድርህን በልቶ ነው?» ብለሻል። በቤተሰቡ ግሩፕ ላይ «ይሄን ሰውዬ ማየት አልችልም» ብዬ በመጻፌ ይሄ ሁሉ ግርግር ይነሳል ብዬ አላሰብኩም። አንቺ አኮረፍሽ። አክስታችን የሚያለቅስ ፊት ላከች። ያ ትንሹ ደግሞ የሰውዬውን ፎቶ ስቲከር አድርጎ ጠዋት ጠዋት ይልክልኛል። በስልክ ላስረዳሽ ስል ታቋርጪኛለሽ። በደብዳቤ እንኳ አታቋርጪኝም።

መልሴ አጭር ነው። ምንም አላደረገኝም። አግኝቼው አላውቅም። ጎበዝ ተዋናይ መሆኑንም አልክድም። ደሜ ግን አልወደደውም። ቃለ መጠይቅ ላይ ጥያቄው ሳያልቅ ፈገግታው ይቀድማል። ደግሞ ስለ ትሕትናው ራሱ ነው የሚያወራው። ስለ ትሕትናው ራሱ የሚያወራ ሰው አልችልም፣ እታለም። «እኔ እኮ ተራ ሰው ነኝ» ይላል፤ ይሄን ሲል ጃንጥላ የሚይዝለት ሰው ከኋላው ቆሟል።

«የማታውቀውን ሰው እንዴት ትጠላለህ?» ላልሽው፣ እኔም የማታውቂውን እንዴት ወደድሽው ልበልሽ። ሁለታችንም ያየነው ካሜራ ፊት የተቀመጠውን ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ) ዶናልድ ሆርተንና ሪቻርድ ዎል የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ስለዚህ ነገር ጽፈዋል። ያኔ ቴሌቪዥን ገና ወደ ሰው ቤት እየገባ ነበር። አቅራቢው ቀጥ ብሎ ካሜራውን ያያል። ለአንቺ ብቻ እንደሚያወራ ሆኖ ያወራል። ቀልድ ሲነግርሽ እስክትስቂ እንደሚጠብቅ ቆም ይላል። ተመልካቹ እየዋለ እያደረ ይሄን ሰው እንደሚቀርበው ወዳጁ ያየዋል። ሰውዬው ግን ተመልካቹ በሕይወት ስለመኖሩም አያውቅም።

እነሱ ይበልጡን የጻፉት ስለ ወዳጅነቱ ነው። እኔ የምጨምረው፣ ወዳጅነት ካለ መቀያየምም አለ። ከጎረቤት ጋር ብትኳረፊ አንድ ቀን ደጃፍ ላይ ትገጣጠማላችሁ፤ «እንዴት አደርሽ» ሲልሽ ልብሽ ይላላል። ከዝነኛ ጋር ግን ሽማግሌ የሚገባበት በር የለም። እሱ መኳረፋችሁን አልሰማም።

አሁን እዚህ ሆኜ የገባኝን ልንገርሽ። ሰው አገር ስትሄጂ ቶሎ የሚናፍቅሽ ነገር ሐሜት ነው። አትሳቂ፣ የምሬን ነው። እናንተ ጋ ሁለት ሰው ሲገናኝ ሁለቱም የሚያውቁት ሦስተኛ ሰው አለ። እሱን ያነሳሉ፣ ይጥላሉ፣ ይስቃሉ፣ እግረ መንገዳቸውን ይግባባሉ። እኔ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር አብረን የምናውቀው ሰው የለም። አንዱ ከአንድ አህጉር፣ ሌላዋ ከሌላ አህጉር ነው የመጣነው። የምንግባባበት ቋንቋ እንኳ የማናችንም አይደለም። ሁላችንም የምናውቃቸው ሰዎች ዝነኞቹ ብቻ ናቸው። ማማት ካማረን ያሉን እነሱ ናቸው።

አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ቴሌቪዥኑ ላይ ያንቺ ሰውዬ ብቅ አለ። ሳይታወቀኝ ፊቴን አጨፈገግሁ። አጠገቤ የተቀመጠችው ባልደረባዬ አየችኝና «አንተም?» አለች። በቃ፣ ከዚያ በኋላ ማን ያቁመን። «ደህና አደርሽ፣ ደህና አደርክ» ከመባባል አልፈን የማናውቅ ሰዎች እረፍቱ እስኪያልቅ አወራን። ፈገግታውን አማን። ጃንጥላውን አማን። በሚቀጥለው ቀን ስለ ልጆቿ ነገረችኝ፤ ቀጥሎ ስለ እናቷ ሕመም። ዛሬ እዚህ ካሉኝ ሰዎች ሁሉ የምትቀርበኝ እሷ ናት። እንግዲህ ሰውዬሽ ሳያውቀው ውለታ ውሎልኛል። ልወደው ግን አልቻልኩም።

ይሄ በእኛ ብቻ የደረሰ እንዳይመስልሽ። ጄኒፈር ቦሰን የምትባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ነገሩን አጥንታ በ2006 አሳትማዋለች። ተሳታፊዎቹ የተቀዳ ንግግር ይሰማሉ፤ ከዚያ ስለ ተናጋሪው የወደዱትንና ያልወደዱትን ይናገራሉ። ቀጥሎ ሊያገኙት ያለው እንግዳ ሰው በሐሳባቸው እንደሚስማማ ይነገራቸዋል። አብሯቸው ይወዳል ከተባለው ይልቅ አብሯቸው ይጠላል የተባለው እንግዳ ገና ሳያዩት ቀረባቸው። ደግሞ ይሄ የሚሠራው ጥላቻው ቀለል ያለ ሲሆን ነው። የእኔና የባልደረባዬም ከዚያ አያልፍም። ሰውዬው ሲመጣ ዓይናችንን ገልበጥ አድርገን ወደ ራሳችን ወሬ እንመለሳለን።

«ካልወደድከው አትየው» ያልሽኝስ? እኔ መች ፈለግኩት! እሱ ነው የሚፈልገኝ። አንዴ ስለ እሱ የተጻፈ ነገር ተናድጄ ካነበብኩ፣ ስልኬ ሳምንቱን ሙሉ እሱን ያቀርብልኛል። ስልክ ፍቅርንና ንዴትን አይለይም። ጣትሽ ቆመ አልቆመም ነው የሚያየው። ፌስቡክ ከ2017 ጀምሮ ለጊዜው የተናደደውን ፊት ጨምሮ እያንዳንዱን የስሜት ምልክት እንደ አምስት ላይክ ይቆጥረው ነበር። ይሄ የታወቀው በ2021 የድርጅቱ የውስጥ ሰነዶች ወጥተው ጋዜጦች ሲጽፉት ነው። በዚያ ስሌት የአንድ ሰው ንዴት የአምስት አድናቂ ያህል ይገፋዋል ማለት ነው። የንዴቱን ምልክት በ2020 ዋጋውን ወደ ዜሮ አውርደውታል። እኔ ግን ከዚያ ወዲህም ስለ ሰውዬው አንድ ኮሜንት አልጽፍም። ያንቺ ፍቅር ይበቃዋል፤ የእኔን ንዴት ደግሞ አልመርቅለትም።

አንድ ነገር ግን አናዶኛል። «ቅናት ነው» አልሽ። ምኑን ልቅና? ይሄ ቃል ጥሩ ቃል አይደለም እታለም፤ የብዙ ሰው አፍ ያስዘጋ ቃል ነው። አር ኬሊን ታውቂዋለሽ፣ ዘፋኙን። በ2008 ችሎት ቀርቦ ነፃ ወጣ። ሴቶች «ወሲባዊ በደል አድርሶብናል» ብለው ለዓመታት ሲናገሩ ብዙ አድናቂ «ገንዘብ ፈልገው ነው»፣ «ስሙን ሊያጠፉ ነው» ይል ነበር። በመስከረም 2021 ኒው ዮርክ ውስጥ የፌዴራል ፍርድ ቤት ጥፋተኛ አለው፤ በቀጣዩ ዓመት 30 ዓመት ተፈረደበት። ሰው እንዲህ ያለውን ዝነኛ ሲጠላ የሚጠላበት ነገር አለው፤ «ቀናህ» ቢሉት ግፍ ነው። ያንቺ ሰውዬ እንደዚህ ነው እያልኩ አይደለም፤ ጨርሶ። የእሱ ጥፋት ጥርሱን ማብዛቱ ነው።

በተቃራኒው ደግሞ ምንም ሳያደርጉ የተጠሉ አሉ። እዚህ ላይ ነገሩ ለእኔም ይከብደኛል። ተዋናይቷን አን ሃታዌይን ውሰጂ። በየካቲት 2013 ኦስካር አሸነፈች፤ በዚያው ሰሞን ኢንተርኔቱ ተነሳባት። ምን አጠፋች? ንግግሯ የተለማመደችው ይመስላል ተባለ። ደስታዋ በዛ ተባለ። ሁሉ ነገሯ ለካሜራ ነው ተባለ። የሚጠሏት ሰዎች ለራሳቸው የጋራ መጠሪያ እስከማውጣት ደረሱ። በ2024 ቫኒቲ ፌር ለሚባለው መጽሔት ስትናገር፣ ያኔ በዚህ ምክንያት ሚና ሊሰጧት የማይፈልጉ ነበሩ ብላለች። ዳይሬክተሩ ክሪስቶፈር ኖላን ግን ወሬውን ከቁም ነገር ሳይቆጥር በ2014 በወጣው ፊልሙ አሠራት።

አስቢው እስቲ። ሰዉ እሷ ላይ ያወጣው ነቀፌታና እኔ ባንቺ ሰውዬ ላይ ያወጣሁት አንድ ዓይነት ነው። ፈገግታው፣ አነጋገሩ፣ ታይታው። እኔ ለብቻዬ ፊቴን ባጨፈግግ የሚጎዳ ሰው የለም። ሚሊዮን ሰው በአንድ ሳምንት ፊቱን ሲያጨፈግግ ግን አንዲት ሴት ሥራ ታጣለች። ከሚሊዮኑ አንዱም «እኔ ነኝ ያደረግኩት» አይልም። እያንዳንዱ የጻፈው አንድ መስመር ቀልድ ብቻ ነዋ።

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ የአየርላንዷ ዘፋኝ የሺኔድ ኦኮነር ነገር ነው። ጥቅምት 3 ቀን 1992 በአሜሪካ ቴሌቪዥን ቀጥታ ስርጭት ላይ ያለ ሙዚቃ አንድ የቦብ ማርሊን ዘፈን ዘፈነች። የዘፈኑ ቃል የተወሰደው ደግሞ ከማን መሰለሽ? ከአፄ ኃይለ ሥላሴ፣ በ1963 በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ካደረጉት ንግግር። ስትጨርስ የካቶሊኩን ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት የዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊን ፎቶ ካሜራ ፊት ቀደደች። ተቃውሞዋ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ በልጆች ላይ ለሚደርሰው በደል ነበር። ሕዝቡ ግን ያየው የተቀደደውን ፎቶ ብቻ ነው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ኒው ዮርክ ላይ ለቦብ ዲላን ክብር በተዘጋጀ ኮንሰርት መድረክ ወጣች። አዳራሹ በጩኸት ተቀበላት። ዘፋኙ ክሪስ ክሪስቶፈርሰን ወጥቶ አጽናናት። እሷም የተዘጋጀችበትን ትታ ያንኑ ዘፈን ከጩኸቱ በላይ እየጮኸች አለችውና ወረደች።

በ2010 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቤኔዲክቶስ ለአየርላንድ ምእመናን በጻፉት ደብዳቤ በልጆች ላይ ስለተፈጸመው በደል ይቅርታ ጠየቁ። ሺኔድ በሐምሌ 2023 ስትሞት ደግሞ ዓለም ሁሉ «ጀግና ነበረች» አለ። በ1992 አዳራሹ ውስጥ የጮኹት ሰዎች ብዙዎቹ ዛሬም በሕይወት ይኖራሉ። ከነሱ ስንቱ በ2023 የሐዘን መልእክት ጽፎ ይሆን? ሳስበው ያስቀኛል፣ ደግሞ አያስቀኝም።

እና «ታዲያ አንተ ከነሱ በምን ትለያለህ?» ትይኝ ይሆናል። አይቀርም፣ አውቅሻለሁ። እኔ ሰውዬሽን አልወደውም፤ እንዲወድቅ ግን አልፈልግም። ገጹ ላይ ገብቼ አልሳደብም። ለምወደው ሰው «አንተም ጥላው» አልልም። ግሩፑ ላይ የጻፍኩትም ስለ ራሴ ዓይን ነው። ባለፈው ከሚስቱ ሲለያይ ዜናውን ልከሽልኝ «እንግዲህ ደስ ይበልህ» አልሽኝ። ደስ አላለኝም። ልጆች አሉት። የቤቱን ጉዳይ ማየትም አልፈለግኩም፤ ሳልከፍተው አለፍኩት። ለነገሩ ያንን ዜና እያገላበጡ ሲያነቡ የሰነበቱት አድናቂዎቹ ናቸው። በዚህ በኩል እኔ ከአንቺ የተሻልኩ ጨዋ ሳልሆን አልቀርም። ተቀየሚኝ እንግዲህ።

በሚመጣው ዓመት አዲሱ ፊልሙ ሲወጣ አብረን በቪዲዮ እየተደዋወልን እንድናይ ጠይቀሻል። እሺ። አንቺ ካለሽበት አያለሁ። ግን ሲስቅ ድምፄን ብትሰሚ ዝም በይኝ። «እንዴት ነው?» ብለሽም አትጠይቂኝ፤ መልሱን ታውቂዋለሽና።

እማዬን ሳሚልኝ። አባዬን መነጽሩን ሳያደርግ ስልክ አይነካካ በይልኝ፤ ባለፈው ለሥራ አለቃዬ ነው የደወለው። ያንን ትንሹን ደግሞ ስቲከሩን ካላቆመ የልጅነት ፎቶውን ግሩፑ ላይ እንደምለጥፈው ንገሪልኝ። የትኛውን እንደሆነ እሱ ያውቃል።

አንቺም ብትሆኚ ሁሉን ወዳድ ነኝ አትበይኝ። ያቺ ዜና አንባቢ ብቅ ስትል ሮጣ ድምፁን የምትቀንሰው ማን ነበረች? በሚቀጥለው መልእክትሽ ስሟን ጽፈሽ ላኪልኝ። ምክንያት አልጠይቅሽም።

ወንድምሽ