ለእማዬ፦ ስለ ሁለቱ ሳህኖች

ጅማ፣ ኅዳር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ እናቴ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ዓይንሽስ እንዴት ሆነ? ሐኪሙ ከጭስ ራቂ፣ አታጎንብሺ እንዳለሽ ወንድም ጋሼ ነግሮኛል፤ አንቺ ግን ከምጣዱ ዳር እንደማትጠፊ አውቃለሁ። እዚህ ሁላችንም ደኅና ነን። ሁላችንም ስል እኔ፣ ድመቷ፣ እና ጠዋት ጠዋት በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው "እናትሽ መቼ ነው የምትመጣው?" የሚሉኝ የሐጂ ባለቤት ማለቴ ነው።

ይህን የሚያነብልሽ ማሙሽ ነው አይደል? ማሙሽዬ፣ ቀስ ብለህ አንብብ። አያትህ ድገምልኝ ስትልህ ሳታጉረመርም ድገምላት። ካለቀሰችም አትደንግጥ፤ ውኃ ስጣትና ዓይኗን በእጇ እንዳታሸው ብቻ ጠብቅ።

"ስልክ በእጇ እያለ ምን ደብዳቤ ያስጽፋታል?" ትይ ይሆናል። እኔና አንቺ፣ እማዬ፣ በስልክ የምንታመን ሰዎች አይደለንም። ለምን እንዲህ እንዳልኩ እስከ መጨረሻው ስሚኝ።

ባለፈው መስከረም ሐጂ ከመግሪብ በኋላ በባትሪ መንገዱን እያበሩ ቤት መጡ። ብብታቸው ሥር የእድሩ መዝገብ ነበር። ጸሐፊው ሥራው ወደ አጋሮ ስለተዛወረ መዝገቡን የሚይዝ ሰው መጥፋቱን ነገሩኝና "ወደ ወጣበት ቤት ይመለስ ብለን ወሰንን" አሉ። ቀኑን ሙሉ ባንክ ውስጥ የሰው ገንዘብ ስቆጥር ውዬ ማታ ደግሞ የእድር መቁጠር እንደማይሆንልኝ ብነግራቸው ሳቁብኝ። "አባትሽም ቀኑን ሙሉ ችግኝ ሲቆጥር ነበር የሚውለው" አሉኝ። ምን እላለሁ? ተቀበልኩ።

መዝገቡን ታስታውሺዋለሽ። ጥቁር ሽፋን ነው፤ ጀርባው ከድሮ ዩኒፎርሜ በተቀደደ ቀይ ጨርቅ ተጠግኗል። የአባዬ ጽሕፈት ገጽ በገጽ ተደርድሯል። "መ"ን እንደ መነጽር ሁለት ክብ አድርጎ ነበር የሚጽፋት፤ "መዋጮ" የሚለው ቃል በመጣ ቁጥር ከወረቀቱ ውስጥ የሚያየኝ ይመስለኛል። የመጨረሻው መስመሩ ግንቦት 27 ቀን 2009 ዓ.ም. ይላል። ገጹን ገለጥኩ። ጽሕፈቱ ተለወጠ።

"ሰኔ 6 ቀን፦ ጸሐፊያችን አረፉ። ድንኳን 1፣ አግዳሚ ወንበር 20፣ ብረት ድስት 3፣ ሳህን 80 ወጪ ሆነ።" ከሥሩ "ሰኔ 13 ቀን፦ ዕቃው ተመላሽ ሆነ፤ ሳህን 2 ጎደለ።" ከዚያም ሥር አንዲት መስመር ብቻ፦ "ሰኔ 15 ቀን፦ የጎደለው በባለቤታቸው ተተካ።"

እዚያች መስመር ላይ ቆሜ ቀረሁ። እኔ አባቴ መሞቱን የሰማሁት ሰኔ 18 ቀን ነው።

አሥራ ሁለት ቀን። እኔ ባሕር ዳር የመመረቂያ ፈተናዬን እፈተናለሁ፤ እናንተ ድንኳን ተክላችሁ ታለቅሳላችሁ። ቀብሩ፣ ሣልስቱ፣ ሰባቱ፣ አሥራ ሁለቱ ሁሉ ያለ እኔ አለፈ። ለማንም ተንፍሼው አላውቅም እንጂ ሰባት ዓመት ሙሉ በልቤ "እናቴ ዋሸችኝ" ስል ኖሬአለሁ። ባለፈው ሰኔ ሰባት ዓመቱን ስናወጣ፣ አንቺ ጉልበትሽን ይዘሽ ቄሱን ስታስተናግጂ፣ ይህቺው ነገር ጉሮሮዬ ላይ ቆማ እህል አላስቀምስ ብላኝ ነበር። አንቺ ሐዘን መስሎሽ ጀርባዬን ዳበስሽኝ።

መዝገቡን ጭኔ ላይ ዘርግቼ በእነዚያ ቀናት የደወልኩልሽን አንድ በአንድ አስታወስኩ። ሰኔ 7 ማታ ከጀርባሽ የሰው ድምፅ ይተራመስ ነበር። "ይህ ሁሉ ሰው ምንድን ነው?" ስልሽ "እድሩ ተሰብስቦ ነው" አልሽኝ። አባዬን አቅርቢልኝ ስልሽ "ተኝቷል" አልሽ። በሌላው ቀን ሕመሙን ስጠይቅሽ "አሁንስ ሕመሙ ለቆታል" አልሽኝ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ወደ ቤተ መጻሕፍት ሮጥኩ። ሰኔ 15 ደግሞ፣ የመጨረሻው ፈተና ዋዜማ፣ የገበያ ጫጫታ ውስጥ ሆነሽ ነበር ያነሣሽው። ቀኑን ወደ ኋላ ቆጠርኩት፤ ሐሙስ ነው፣ የሂርማታ ገበያ ቀን። "ሳህን ልገዛ ወጥቼ ነው፤ እንግዳ በዝቶ ሁለት ሳህን ጎደለብኝ" አልሽኝ። እኔ ሞኟ ሣቅሁ። "አባዬ ነው እንግዳ የሚያበዛብሽ" ብልሽ ትንሽ ዝም ብለሽ "አዎ፣ በእሱ ምክንያት ነው" አልሽ።

እማዬ፣ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። አንድም አልዋሸሽኝም እኮ! እድሩ በእርግጥ ተሰብስቦ ነበር። አባዬ ተኝቶ ነበር። ሕመሙም ለቆት ነበር። እንዲህ አድርጎ ቃል መምረጥ ጠበቃም አይሆንለት።

እውነቱን ልንገርሽ፣ መጀመሪያ ይበልጥ ተናደድኩ። ቢዋሹ ይሻላል አልኩ፤ ውሸት የደነገጠ ሰው ነገር ነው፣ ይህ ግን ታስቦበታል። ባሏን በቀበረች በማግሥቱ ለልጇ የማይዋሽም የማይገድልም ቃል የምትፈልግ ሴት ምን ዓይነት ልብ ይዛለች? ስልኩን ዘግተሽ ምን ታደርጊ ነበር? ያ ነገር ነው የሚከነክነኝ። እኔ ስልኩን ዘግቼ ወደ መጽሐፌ እመለስ ነበር፤ አንቺ ወደ ምን ትመለሺ ነበር?

እሑድ ዕለት የእድሩን ዕቃ ቤት ቁልፍ ተረክቤ ቆጠራ ገባሁ። ሐጂ በር ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ፣ እኔ ውስጥ ሳህን እቆጥራለሁ። ሳህኖቹ የቆርቆሮ ናቸው፣ ነጭ፣ ጠርዛቸው ሰማያዊ። ከመሀከላቸው ሁለቱ ጠርዛቸው አረንጓዴ ነው። አንደኛውን ገልብጬ አየሁት፤ ከሥሩ ዋጋ የተለጠፈበት ወረቀት ሙጫው እንደ ጥፍር ቅርጽ ጠቁሮ እስከ ዛሬ አለ። ሰማያዊ አጥተሽ ነው ወይስ ሳታስተውይ ያነሣሽው? ይህን ያህል ዓመት በየለቅሶው ቤት ንፍሮ ሲቀርብባቸው ኖረው፣ እኔም በልቼባቸው ይሆናል።

ሳያቸው ብዙ ቆየሁ መሰለኝ ሐጂ ገብተው አዩኝ። ምንም አልጠየቁም። "ያኔ ረመዳን ነበር" አሉ ብቻ። ጉድጓዱን የቆፈሩት የእኛ ሠፈር ሙስሊሞች በጾም አፋቸው መሆኑን ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። በእኛም በኩል የሐዋርያት ጾም ነበርና ድንኳኑ ውስጥ አንድም የጠገበ ሰው አልነበረም አሉኝ፤ ሐጂ ሲያዝኑም ቀልድ አያጡም።

የመጣሁበትን ቀን ታስታውሺዋለሽ? አክስቴ ቤት፣ አዲስ አበባ፣ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሰዎች በሩን ከፍተው ሲገቡ ገና ሳይናገሩ አውቄው ነበር። ከዚያ መንገዱን ሁሉ አላስታውስም፤ ጊቤ በረሃ ላይ አንድ ሰው መስኮት እንደከፈተልኝ ብቻ ትዝ ይለኛል። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ እንደ ጨርቅ ታጥፎ አለፈ። ጅማ ስንገባ ግን ከተማው በሙሉ አዲስ ልብስ ለብሷል። ዒድ ነበር። ልጆች በየመንገዱ ፊኛ ይነፋሉ፣ በየቤቱ ሥጋ ይሸታል። እኔ እየጮህኩ ሠፈራችን ስገባ የሐጂ ባለቤት የእጃቸው ሒና ገና ደማቅ ሆኖ፣ እንግዶቻቸውን ማዕድ ላይ ጥለው እየሮጡ ወጥተው አቀፉኝ። ጎረቤቱ ሁሉ አንድ ጊዜ አልቅሶ ወጥቶለት ነበር፤ ለእኔ ሲል በበዓሉ ቀን ሁለተኛ አለቀሰ። ያንን ውለታ በየትኛው መዝገብ እንደምጽፈው አላውቅም።

አንቺ ግን ያን ቀን አላለቀስሽም። በሩ ላይ ቆመሽ "ፈተናው ጥሩ ነበር?" አልሽኝ። ይህንንም ይቅር ለማለት ብዙ ጊዜ ወስዶብኛል።

አሁን ወደ እኔ ነገር ልምጣ። ወንድም ጋሼ ሹክ ብሎሽ ይሆናል፤ አንድ ሰው አለ። የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነው፣ ፊዚክስ ያስተምራል። ሠላሳ ሞልቶኛልና ስሙን እንጂ ዕድሜውን እንደማትጠይቂ አውቃለሁ፤ ስሙን ስትመጪ ራሱ ይነግርሻል። አንድ ጉድለት አለበት፤ አቦልን ጠጥቶ ይነሣል። ቶና እንኳን አይጠብቅም ነበር። በዚህ አገር፣ በቡና አገር! አሁን ትንሽ አሠልጥኜዋለሁ፤ ባለፈው ሳምንት እስከ በረካ ተቀመጠ፣ ደጋግሞ ሰዓቱን ቢያይም።

ስለ አሥራ ሁለቱ ቀናት ነገርኩት። "ምንም ቢመጣ አትደብቀኝም ብለህ ቃል ግባልኝ" አልኩት። ሌላ ሰው ቢሆን ወዲያው ምሎ ይገላገለኝ ነበር። እሱ ግን ስኒውን አስቀምጦ "ያ ቀን ሳይመጣ ቃል አልገባም፤ እናትሽ ምን ተሸክማ እንዳለፈች አላውቅም" አለኝ። ሁለት ቀን አኮረፍኩት። በሦስተኛው ቀን ራሴ ደወልኩለት።

ያኮረፍኩት ደግሞ ምን አፍ ኖሮኝ እንደሆነ አላውቅም። ይኸውልሽ አሁን የኔን ስሚ። ነሐሴ ላይ ዝናቡ ሥሩን አላቅቆት ትልቁ ዋንዛ ሌሊት ወደቀ። የማዕድ ቤቱን ጣሪያ ግማሹን ይዞት ወርዷል። አንቺ ያኔ ዓይንሽን ልትሠሪ ሦስት ቀን ቀርቶሽ ነበር። ስልክ ደውለሽ "ዋንዛው እንዴት ነው? ዝናቡ አያስፈራም?" ስትይኝ "ግቢያችን ውስጥ ነው፣ የት ይሄዳል?" አልኩሽ። ስልኩን እንደዘጋሁ እንደ አንቺ መናገሬን አላወቅሁም ነበር። መዝገቡን ካየሁ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ። ሦስት ወር ሙሉ "ግቢያችን ውስጥ ነው" እያልኩሽ ኖርኩ፤ ግቢያችን ውስጥ ነው፣ በጎኑ ተኝቶ።

ከቡናዎቹ ሁለቱን ይዟቸው ሄዷል። አባዬ ከመልኮ የቡና ምርምር ጣቢያ ካመጣቸው ስድስት እግር ውስጥ አራቱ ቀርተዋል። ሌላ ሰው ላሙን ቡሬ፣ ሻሽ ብሎ ይጠራል፤ እኛ ቤት ግን ዛፍ በዝርያ ቁጥሩ "74110" ተብሎ ይጠራ ነበር። በ1963 ዓ.ም. የቡና ፍሬ በሽታ አገር ገብቶ ፍሬውን ገና በእሸትነቱ እያጠቆረ ሲያረግፍ፣ በሽታውን የቻሉት እናት ዛፎች ከኢሉባቦር በኩል እንደተለቀሙ፣ 74 ማለትም የተመረጡበት የፈረንጆቹ 1974 መሆኑን ስንት ጊዜ ነገረን! ያን ሁሉ ተቋቁመው በጥላ ዛፋቸው ተደፍጥጠው ሞቱ፤ አባዬ ቢኖር በዋንዛው ይፈርድ ነበር። የቀሩት አራቱ ግን ዘንድሮ ቅርንጫፋቸው እስኪጎብጥ አፍርተዋል። ቀዩን ለቅሜ ሰሌን ላይ አስጥቻለሁ፤ ማታ ማታ ጤዛ እንዳያገኘው እሸፍነዋለሁ። በገና ሰሞን ጀንፈሉ ይደርቃል።

ሰውየው ጥር ላይ ሽማግሌ ሊልክ ነው። ወንድም ጋሼና ሐጂ ተቀምጠው ይቀበሏቸዋል። ከዚያ በፊት ግን አንቺ ነዪልኝ፣ ለብቻሽ። በጠዋቱ አውቶቡስ ተሳፈሪ፣ ጊቤ ላይ ፀሐይ ሳይበረታ እንድታልፊ። ጥቁር መነጽርሽን አታውልቂ።

ይቅርታ እንድትይኝ አይደለም የምጠራሽ። እኔም አልልሽም፣ የዋንዛውን ቢሆን እንጂ። ቡና አፈላለሁ፤ አንቺ ከሰኔ 6 ጠዋት ጀምሪልኝ። ምን በልቶ ነበር? ዓይኑን ማን ከደነው? እኔን አነሣ ወይስ አላነሣም? ካላነሣም አላነሣም በይኝ። ድንኳኑ ከየትኛው በር ትይዩ ተተከለ? ስልኬን ዘግተሽ ወደ ምን ትመለሺ ነበር? አሁን ቃል አትምረጪልኝ። በረካው ላይ ባንጨርስ በማግሥቱ እንቀጥላለን፤ አሥራ ሁለት ቀን ነው፣ የአራቱ እግር ቡና ይበቃናል።

ጉልበትሽን እስማለሁ።

ልጅሽ

ማሙሽ፣ የዋንዛውን ነገር ለአባትህ ገና እንዳትነግረው።