ስለ ደመወዜ ጠየቅኩዎት፣ ስለ ሌላኛው ፓርቲ መለሱልኝ፦ ለኮንግረስ እንደራሴዬ ግልጽ ደብዳቤ

ዲሴምበር 2025

ክቡርነትዎ፣

ይህን በአደባባይ የምጽፈው በቢሮዎ በኩል ያለው መንገድ ስላላዋጣኝ ነው። ደጋግሜ ደውያለሁ። ድረ ገጽዎ ላይ ያለውን ቅጽ ሞልቻለሁ። ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ለአንድ ትሁት ወጣት ስሜንና ዚፕ ኮዴን አስመዝግቤያለሁ። ልጁ ምንም ጥፋት የለበትም፣ ውሃም ሰጥቶኛል። የደረሰኝ መልስ ግን የእርስዎ ፊርማ አለበት። ስለዚህ የምነጋገረው ከእርስዎ ጋር ነው።

ጥያቄዬ አንድ ነበር። በጀት ሳይጸድቅ ቀርቶ መንግሥት በተዘጋ ጊዜ ከሥራ የቀረነው የኮንትራክተር ሠራተኞች፣ ማለትም ለመንግሥት በኮንትራት በሚሠሩ ድርጅቶች የተቀጠርነው፣ ያጣነው ደመወዝ ይከፈለናል ወይስ አይከፈለንም? አዎ ወይም አይ ተብሎ የሚያልቅ ነገር ነው። እርስዎ የላኩልኝ ሁለት ገጽ ነው። በየአንቀጹ የሌላኛው ፓርቲ ስም አለ። ጨካኞች ናቸው፣ አገሪቱን አግተዋል፣ በሕዝብ እንጀራ ይቀልዳሉ። "ኮንትራክተር" የሚል ቃል ፈልጌ አጣሁ። እንግሊዝኛው አምልጦኝ ይሆናል ብዬ ልጄን አስነበብኳት፣ እሷም አጣችው። መጨረሻው ላይ አስተያየቴ ለእርስዎ እጅግ ጠቃሚ እንደሆነ ይገልጻል። ከዚያ ወዲህ ሳምንታዊ የዜና መልእክትዎ ሳይቋረጥ ይደርሰኛል። አመሰግናለሁ።

ፓርቲዎን እዚህ አልጠራም። ብጠራው ግማሹ አንባቢ ያጨበጭብልኛል፣ ግማሹ ይሰድበኛል፣ ጥያቄዬን የሚያነብ ሰው አይተርፍም። ደግሞም ሌላ ወረዳ የምትኖር የሥራ ባልደረባ አለችኝ፣ እንደራሴዋ የወዲያኛው ፓርቲ ሰው ነው። እሷም ጽፋ ነበር። የመጣላት መልስ የእርስዎው ደብዳቤ ነው ማለት ይቻላል፣ የተሳዳቢውና የተሰዳቢው ስም ብቻ ቦታ ተለዋውጧል። ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ዘርግተን ሳቅን። ብዙ አልሳቅንም።

ማን እንደሆንኩ ልንገርዎት። ዋሽንግተን ውስጥ አንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ሕንፃ ማታ ማታ የማጸዳ ሰው ነኝ። ወለሉን፣ ሽንት ቤቱን፣ የአለቆቹን ቢሮ። ባጄ ሕንፃውን ያስገባኛል፣ ፔይቼኬ ላይ ያለው ስም ግን የመንግሥት ሳይሆን የኮንትራክተሩ ድርጅት ነው። በደህናው ጊዜ ይህችን ልዩነት ማንም አያያትም።

ሕጉን እርስዎ ያውቁታል፣ ለማያውቅ አንባቢ ነው የምናገረው። በጃንዋሪ 2019፣ ያ 35 ቀን የቆየው ሻትዳውን (የመንግሥት መዘጋት) ሳያልቅ፣ አንድ ሕግ ተፈረመ። መንግሥት በተዘጋ ቁጥር የፌዴራል ሠራተኛው ያመለጠው ደመወዝ ወደ ኋላ ተቆጥሮ ይከፈለዋል የሚል። ጥሩ ሕግ ነው። እኛን ግን አይጨምርም። ድርጅታችን መንግሥትን የሚያስከፍለው በሠራነው ሰዓት ነው። ሕንፃው ከተዘጋ ሰዓት የለም፣ ሰዓት ከሌለ ደመወዝ የለም፣ አለቀ። የእኛም ይካተት የሚል ረቂቅ ያን ጊዜም ቀርቧል፣ ዘንድሮም ቀርቧል፣ ሕግ ሆኖ ግን አያውቅም። ጠረጴዛዋን የምወለውልላት ሴትዮ ኖቬምበር ላይ ስትመለስ የቀረባትን በሙሉ አገኘች። እሰየው፣ ይገባታል። እኔ ያገኘሁት ቅርጫቷን ነው።

አንድ ቀን፣ ነገሩ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዞ፣ አንድ ምግብ ቤት ለፌዴራል ሠራተኞች ምሳ በነጻ ይሰጣል ሲባል ሰማሁ። ሄድኩ፣ ተሰለፍኩ፣ ባጄን አሳየሁ። ልጅቷ ባጁን አገላብጣ አየችውና "ይቅርታ፣ ይሄ ኮንትራክተር ነው የሚለው" አለችኝ። ከኋላዬ ያሉት ሰዎች ሰሙ። ምግቡ አይደለም የቆረቆረኝ፣ እቤቴ ሽሮ አላጣሁም። ሕጉ ላይ ያለው ቀዳዳ የምሳ ወረፋ ድረስ ተከትሎኝ መምጣቱ ነው።

አሁን ወደ እናንተ ጠብ። ዘንድሮ መንግሥት ከኦክቶበር 1 እስከ ኖቬምበር 12 ድረስ 43 ቀን ተዘጋ፣ እስከዚያ ድረስ እንዲህ ረዝሞ አያውቅም። ምክንያቱ የጤና መድን ነበር። ዴሞክራቶቹ ኦባማ ኬር በሚባለው የጤና መድን ሕግ የሚሰጠው፣ በዓመቱ መጨረሻ የሚያበቃው ተጨማሪ ድጎማ ካልተራዘመ ለበጀቱ ድምፅ አንሰጥም አሉ። ሪፐብሊካኖቹ መጀመሪያ መንግሥት ይከፈት፣ ከዚያ እንነጋገራለን አሉ። ድጎማው የዋዛ ጉዳይ አይደለም። ኡበር የሚነዱ፣ ትንሽ ሱቅ የከፈቱ ብዙ ወገኖቼ መድን የሚገዙት ከዚያ ነው፣ ድጎማው ከተነሳ ወርሃዊ ክፍያው እንዴት እንደሚንር ሁሉም ያውቃል። የእኔ መድን ግን በዚሁ ፍልሚያ መሃል ተቋረጠ። ድርጅቱ የሚያዋጣልኝ በሠራሁት ሰዓት ልክ ነዋ! ስለ ጤና መድን በተደረገ ትግል የጤና መድኔን አጣሁ። ይህን ለየትኛው ፓርቲ ላመልክት?

ደግሞ ይህን ፊልም አይቼዋለሁ፣ እዚህ አገር ስኖር ብዙ ዓመቴ ነው። በ2013 ሪፐብሊካኑ ሴናተር ቴድ ክሩዝና ጓደኞቹ ኦባማ ኬር ገንዘብ ይከልከል ብለው መንግሥት 16 ቀን ተዘጋ። ያኔ "መጀመሪያ ክፈቱ፣ ከዚያ እንነጋገር" ባዮቹ ዴሞክራቶች ነበሩ። በዲሴምበር 2018 ትራምፕ ለድንበር ግንብ ቢሊዮኖች ጠየቁ፣ የዴሞክራቶቹን መሪዎች ፔሎሲንና ሹመርን ካሜራ ፊት አስቀምጠው ለድንበር ጥበቃ ስል መንግሥት ብዘጋ እኮራለሁ አሉ። ያኔም "መጀመሪያ ክፈቱ" የዴሞክራቶች ንግግር ነበር። በኦክቶበር 2025 ያው ንግግር ወደ ሪፐብሊካኖች አፍ ተዛወረ፣ መንግሥትን መያዣ ማድረግ ነውር ነው ሲሉ የነበሩት ደግሞ ሌላ መንገድ የለንም አሉ። የእርስዎንም የድሮና የዘንድሮ ቪዲዮ ፈልጌ አየሁ። የድሮው ንግግርዎ ዛሬ የሚሰድቡት ሰውዬ ከሚናገረው ጋር አንድ ነው። እጅዎን የሚያወናጭፉበት ሁኔታ እንኳ ይመሳሰላል።

ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው ይላል የእኛ አገር ሰው። እዚህ የአንዱ ፓርቲ ምልክት ዝሆን ነው፣ የሌላው አህያ። ሁለቱም ሣር ይበላሉ።

የእናንተ ምክር ቤት በሴፕቴምበር 19 የአጭር ጊዜ የበጀት ረቂቅ አሳልፎ ተበተነ፣ ለድምፅ የተመለሰው ኖቬምበር 12 ነው። ሴኔቱ በበኩሉ ያንኑ ረቂቅ ከአሥር ጊዜ በላይ እያነሳ ጣለው። ማለትም እኔ ሥራ ፈትቼ እቤት ስቀመጥ እርስዎም ከምክር ቤቱ ርቀው ነበር፣ የእርስዎ 174,000 ዶላር የዓመት ደመወዝ ግን አልተቋረጠም። ሕገ መንግሥቱ ነው የሚከፍለን ይላሉ፣ አውቃለሁ። ሕገ መንግሥቱ እኔን ረሳኝ፣ አልፈርድበትም፣ ሲጻፍ አልነበርኩም። እርስዎ ግን አሁን አሉ። ደግሞ ይቺን ልጨምር። አሁን የምትሠሩበት የበጀት ሥርዓት በ1974 ከወጣ ወዲህ ኮንግረስ ሁሉንም የበጀት ሕጎች በሰዓቱ የጨረሰው 4 ጊዜ ብቻ ነው፣ የመጨረሻው በ1996። ከዚህ በጣም ባነሰ ጥፋት የተባረረች የጽዳት ሠራተኛ አውቃለሁ።

በዚያ ሁሉ ጊዜ የሠራችሁት ሥራ ጥፋቱ የማን እንደሆነ መናገር ነው። የመንግሥት ድረ ገጾች ሳይቀሩ የፓርቲ ሰሌዳ ሆኑ፣ የቤቶችና ከተማ ልማት መሥሪያ ቤት ገጽ ላይ መንግሥትን የሚዘጉት አክራሪ ግራዎች ናቸው የሚል ጽሑፍ ተሰቀለ። የአገር ውስጥ ደኅንነት ሚኒስትሯ ዴሞክራቶችን የሚወቅስ ቪዲዮ ለአየር ማረፊያዎች አሠሩ፣ ብዙ አየር ማረፊያዎች አናሳይም አሉ። ዴሞክራቶቹም በየቴሌቪዥኑ ተጠያቂው ማን እንደሆነ ሲያስረዱ ከረሙ። ኖቬምበር ሲገባ የ42 ሚሊዮን ሰው የፉድ ስታምፕ (የምግብ ድጎማ) ገንዘብ በፍርድ ቤት ክርክር ተንጠለጠለ፣ የተነጋገራችሁት ግን ሕዝቡ ማንን ይወቅሳል ስለሚለው የሕዝብ አስተያየት መለኪያ ነው።

ከሁሉ ያበገነኝ ግን ማለቂያው ነው። ኖቬምበር 12 መንግሥትን የከፈተው ሕግ በ222 ለ209 ድምፅ አለፈ፣ ማታውኑ ተፈረመ። ከልጄ ጋር ቁጭ ብለን ፈለግን። ለፌዴራል ሠራተኞች የቀረባቸው ይከፈል የሚል አለ። ለኮንትራክተር የለም። በቦታው ምን አገኘን መሰለዎት? ሳይነገራቸው የስልክ መዝገባቸው በምርመራ የተወሰደባቸው ሴናተሮች መንግሥትን ከስሰው ቢያንስ 500,000 ዶላር እንዲያገኙ የሚፈቅድ አንቀጽ! እኔ ለጠፋብኝ ኪራይ የሚሆን አንድ መስመር ጠፋ፣ ለሴናተር ስልክ ግን ግማሽ ሚሊዮን ተገኘ።

ነገሩ ሲወራና ሰው ሲጮህ የእናንተ ምክር ቤት በሳምንቱ ይሄ ይሻር ብሎ ድምፅ ሰጠ። 426 ለ 0። ዜሮ! ለካ ትችላላችሁ። ለካ ሪፐብሊካንና ዴሞክራት የሚባለው በሳምንት ውስጥ ሊጠፋ ይችላል። የሚያሳፍር ነገር ሲሆን ትስማማላችሁ፣ የእኛ ነገር ገና አላሳፈራችሁም።

እኛ ሐበሾቹም ብንሆን በፓርቲ መከፋፈሉን ተምረነዋል። በ2021 የቨርጂኒያ አገረ ገዥ ምርጫ ጊዜ በባይደን የኢትዮጵያ ፖሊሲ የተናደዱ ብዙ ወገኖቻችን ሪፐብሊካኑን ያንግኪንን እንምረጥ ብለው ሲንቀሳቀሱ፣ ሌሎቹ ደግሞ አበዳችሁ ወይ ሲሏቸው፣ የተኳረፈ ቤተሰብ ነበር። አሁንም ትራምፕ የሚባል ስም ከተነሳ ቡናው ሦስተኛው ሳይደርስ ሰው ይነሳል። የዕቁባችን ዳኛ ለአንደኛው ፓርቲ ይሞታል፣ ጸሐፊዋ ለሌላኛው። የኖቬምበር ኪራዬን የከፈልኩት ግን በዚሁ ዕቁብ ነው። ተራዬ ገና ነበር፣ ሁለቱ በስልክ ተነጋግረው የእሷ ዕጣ ወደ ፊት ይምጣ ብለው ጨረሱት። ስብሰባ አልተጠራም። መግለጫም አልወጣም።

እርስዎንም በአካል አይቼዎታለሁ። ሴፕቴምበር ላይ ለእንቁጣጣሽ በዓላችን መጥተው ነበር። ነጠላ አደረጉልዎ፣ ያምርብዎታል፣ እስክስታም ሞከሩ። መድረክ ላይ ወጥተው ይህ ማኅበረሰብ የአካባቢያችን የጀርባ አጥንት ነው አሉ፣ እኛም እልል አልን። ያ የጀርባ አጥንት የሚሉት ሰው ፓርኪንግ ውስጥ ነው ያለው፣ ጥበቃ ላይ ነው፣ ካፍቴሪያ ውስጥ ነው፣ ማታ ማታ መጥረጊያ ይዞ ነው። ብዙው ፔይቼኩ ላይ የኮንትራክተር ስም አለ። በዓል ላይ ያውቁናል፣ ደብዳቤ ላይ ሲሆን ግን ጠፋንብዎት።

አሁን የተሰጠው ገንዘብ የብዙዎቹን መሥሪያ ቤቶች የሚያቆየው እስከ ጃንዋሪ 30፣ 2026 ነው። ከዚያ ወዲያ እንደገና ልንዘጋ እንችላለን። ድርጅታችን ከአሁኑ የዓመት ፈቃዳችሁን ቆጥቡ ብሎናል፣ ያለፈው ሻትዳውን የበላውን የዓመት ፈቃድ!

ከጃንዋሪ 30 በፊት አንድ ነገር ይጻፉልኝ። ለኮንትራክተር ሠራተኞች የቀረባቸው እንዲከፈል በሚለው ረቂቅ ላይ ስምዎን ያስገባሉ ወይስ አያስገቡም? ካላስገቡ ምክንያቱን ይንገሩኝ፣ ገንዘቡ በዛ ይበሉ፣ ድርጅቶቹ ይብሉት እንጂ ለሠራተኛው አይደርስም ይበሉ፣ ምንም ይበሉ፣ እሰማለሁ፣ እከራከርዎታለሁ። የሌላኛው ፓርቲ ስም ግን ምክንያት አይደለም። መልሱ ውስጥ ያ ስም ካለ ቴምብር አያባክኑ።

ካልጻፉልኝ በሚቀጥለው የወረዳ ስብሰባዎ ላይ ከባልደረቦቼ ጋር ፊት ወንበር ላይ ያገኙናል። ጥያቄያችሁን በካርድ ጽፋችሁ ስጡ የሚለውን የቢሮዎን ሥርዓት እናውቀዋለን። በካርድ አንሰጥም፣ ማይኩን ነው የምንጠይቀው። አስተርጓሚም አያስፈልግም፣ ልጄ ትመጣለች። በኖቬምበር 2026 ደግሞ 18 ዓመት ሞልቷት የመጀመሪያ ድምፅዋን ትሰጣለች፣ የእርስዎን ሁለት ገጽ ደብዳቤ ደብተሯ ውስጥ አስቀምጣዋለች።

አንዲት የወረዳዎ መራጭ፣ የጽዳት ሠራተኛ