ፀሐይ ማሞቅ የሦስተኛውን ቀን ምርመራ አይተካም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል በጨቅላ ሕፃናት ክፍል የማገለግል ነርስ ነኝ። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት በተወለዱ በመጀመሪያው ሳምንት ቢጫ የሆኑ ሕፃናት በሦስተኛው ቀን መመርመር ሲገባቸው ወደ ሕክምና ዘግይተው የሚመጡበት ምክንያት በየቤቱ ተመሳሳይ ሆኖ ስላገኘሁት ነው። ለምን እንደቆዩ ስንጠይቅ «ፀሐይ እያሞቅነው ነበር» ይሉናል። አያት አብረው ከመጡ ደግሞ «እኔ ስንቱን ያሳደግኩት በጠዋት ፀሐይ ነው» የሚል ይጨመርበታል፤ እማማን በዚያ ሰዓት መሟገት ቀላል አይደለም።

ሕፃን ቢጫ መሆኑ በራሱ አያስደነግጥም። ወራቸውን ጨርሰው ከሚወለዱ 10 ሕፃናት በ6 ያህሉ፣ ያለ ወራቸው ከሚወለዱት ደግሞ በ8 ያህሉ ላይ በመጀመሪያው ሳምንት ይታያል። የሕፃኑ ቀይ የደም ሕዋሳት ሲፈርሱ ቢሊሩቢን የተባለ ቢጫ ንጥረ ነገር ይፈጠራል፤ ገና ያልጠነከረው ጉበት ደግሞ ቶሎ ሊያስወግደው አይችልም። ብዙውን ጊዜ ከ3ኛው እስከ 5ኛው ቀን በርትቶ በሁለት ሳምንት ገደማ ይጠፋል። መጠኑ ከልክ ካለፈ ግን ወደ አንጎል ዘልቆ መስማት ለመሳን፣ ዕድሜ ልክ ለሚዘልቅ የእንቅስቃሴ ጉዳት ወይም ለሞት ይዳርጋል፤ አንጎል ከተጎዳ በኋላም የሚመልሰው መድኃኒት የለም። በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ የታየ ቢጫነት፣ እንዲሁም ሾተላይ ያለባት ወይም የደም ዓይነቷ ኦ የሆነ እናት የወለደችው ሕፃን ቢጫ መሆን ለአንድ ቀን እንኳ መታለፍ የለበትም።

የፀሐዩ ነገር መሠረት የሌለው ወሬ አይደለም። በ1956 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ በእንግሊዝ ኤሴክስ በሚገኘው ሮችፎርድ ሆስፒታል፣ ጂን ዋርድ የተባሉ ነርስ ወደ ግቢው ያወጧቸው ጨቅላዎች ፀሐይ ያገኘው ገላቸው ሲጠራ በጨርቅ የተሸፈነው ቢጫ ሆኖ መቅረቱን አስተዋሉ። ዛሬ የምንጠቀምበት የብርሃን ሕክምና፣ ማለትም ፎቶቴራፒ፣ የመጣው ከዚህ ነው። (ክብሩ ብዙ ጊዜ ለሆስፒታሉ ሐኪሞች ብቻ መሰጠቱ እንደ ነርስ ቅር ያሰኘኛል።) ነገር ግን በፎቶቴራፒ ሕፃኑ ዓይኑ ተሸፍኖ፣ ከዳይፐር በቀር ራቁቱን ሆኖ፣ መጠኑ በታወቀ ሰማያዊ ብርሃን ሥር ለሰዓታት ይቆያል፤ ደሙም እየተመረመረ ነው። እኛ ቤት ግን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ኮፍያና ካልሲ እንዳደረገ፣ እግሩ ብቻ ተገልጦ፣ ለጥቂት ደቂቃ በረንዳ ላይ ይታቀፋል። ለአጥንቱ ብለን ፀሐይ አሙቁት የምንለው እኛው ባለሙያዎች ስለሆንን፣ እናቲቱ ያው ምክር ለቢጫነቱም ይሠራል ብላ ብታስብ አይፈረድባትም።

ሌላው እንቅፋት የአራስ ቤት ጨለማ ነው። ነፋስ እንዳይገባ፣ ምች እንዳይመታት እየተባለ መጋረጃው ተዘግቶ በአምፖል ብርሃን የሚውል ሕፃን ቢጫ ይሁን አይሁን ማንም አይለይም። መጋረጃውን ከፍቶ ሕፃኑን ወደ መስኮት አስጠግቶ ግንባሩን ወይም ደረቱን በጣት ጫን አድርጎ መልቀቅ፣ የቆዳው ቀለም እስኪመለስ ባለችው ቅጽበት ቢጫ መሆኑን መመልከት ይቻላል። ጠየም ላለ ሕፃን የዓይኑ ነጭና ድዱ ይበልጥ ያሳያሉ። ቢጫነቱ መዳፉና ውስጥ እግሩ ከደረሰ፣ ወይም ሕፃኑ ጡት አልጠባ ካለ፣ እንቅልፍ ካበዛና አልነቃ ካለ፣ ለቅሶው ቀጥኖ ከጮኸ፣ ጀርባውን ወደ ኋላ ከለመጠ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው። ውኃም ሆነ ስኳር ውኃ ቢጫነቱን አያጥብም፤ ቢሊሩቢን በሰገራ ስለሚወጣ የሚረዳው በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ጡት ማጥባት ነው።

ጥፋቱን ሁሉ በአያቶች ላይ መጣል ግን ተገቢ አይመስለኝም። በሰላም የተገላገለች እናት ብዙ ጊዜ በ24 ሰዓት ገደማ ትሸኛለች፤ ቢጫነቱ የሚበረታው ቤቷ ከገባች በኋላ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አባት የሚያገኘው ፈቃድ 3 ተከታታይ ቀን ብቻ በመሆኑ፣ ቢጫነቱ በሚበረታበት ጊዜ አባቱ ወደ ሥራው ለመመለስ ይገደዳል። ያልጠናች አራስ ጨቅላ ታቅፋ ታክሲ ስትጋፋ ማየትን ደግሞ ቤተሰብ አይወድም።

ስለዚህ የጤና ተቋማት እናቲቱን ሲሸኙ ሕፃኑ የሚመረመርበትን ሦስተኛውን ቀን፣ የምትሄድበትን ጤና ጣቢያና የክፍሉን ቁጥር በመውጫ ወረቀቷ ላይ እንዲጽፉላት፣ ያን ቀንም ካርድ ለማውጣት ከሌላው ታካሚ ጋር ሳትሰለፍ እንድትገባ እንዲያደርጉ እጠይቃለሁ። መምጣት ላልቻለችው ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ እቤቷ ድረስ ሄዳ፣ መጋረጃውን አስከፍታ ሕፃኑን ትየው።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነርስ
አዲስ አበባ