ራሴን ላልተጸየፉ እጆች (የምስጋና መልእክት)

በመጀመሪያ እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን የምጽፈው ሻሽ ሳላስር፣ ሹሩባዬ እንደተሠራ፣ በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቅሁ ተቀምጬ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንዲህ መቀመጥ አልቻልኩም ነበር። ዛሬ ጥቅምት 19 የዓለም የሶሪያሲስ ቀን ነው፤ ምስጋናዬን በሆዴ ይዤው ልቀር አልፈለግሁም። ከማመሰግናቸው ሰዎች አብዛኞቹ ምን እንደዋሉልኝ እንኳ ልብ ያሉት አይመስለኝም።

ሶሪያሲስ የተባለው ይህ የቆዳ ሕመም የጀመረኝ በ2008 ዓ.ም. እናቴ ባረፈች ሰሞን ነው። መጀመሪያ ከግራ ጆሮዬ በስተኋላ አንዲት የሳንቲም ያህል ቦታ አሳከከችኝ። ፎረፎር ነው ብዬ ተውኩት። ፎረፎር ግን እንደ ዱቄት ይረግፋል፤ የእኔ እንደ ደረቀ የጧፍ ጠብታ የወፈረ፣ ከሥሩ የያዘ ቅርፊት ነበር። በጥፍሬ ሳነሳው ይደማል። በዓመቱ ከማጅራቴ እስከ ግንባሬ ጠርዝ ደረሰ። መምህር ነኝ። ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ትከሻዬ ላይ የሚወርደው ነጭ ነገር ለተማሪዎቼ ጠመኔ እንዲመስላቸው እጸልይ ነበር። ጥቁር ልብስ መልበስ ተውኩ። ለቅሶ ቤት እንኳ ስሄድ ነጠላዬን እስከ ቅንድቤ አወርዳለሁ።

ያልሞከርኩት ነገር የለም። ነጭ ሽንኩርት ተቀጥቅጦ ተቀባሁ፤ አቃጥሎ አቆሰለኝ። ፌጦ፣ ሎሚ፣ እሬት ሁሉ ተራ በተራ አለፉብኝ። ለጋ ቅቤ ተቀብቼ ሳምንት ሙሉ በሻሽ አስሬ ከርሜአለሁ፤ ሲለሰልስ ደስ ይለኛል፣ ከታጠብኩ በኋላ ግን በሦስተኛው ቀን ያው ነው። አንድ ክሊኒክ ውስጥ ሻሼን በወጉ ሳልፈታ ቆረቆር ነው ተብሎ የፈንገስ እንክብል ታዘዘልኝ፤ ሁለት ወር ዋጥኩት፣ ምንም ለውጥ አላመጣም። ሰው ደግሞ የሰው ዓይን ነው፣ መተት ነው ይለኛል። ማንንም አልወቅስም፤ ሁሉም የሚያውቀውን ነው የነገረኝ።

የማልረሳው ግን አንድ የውበት ሳሎን የሄድኩበትን ቀን ነው። የእህቴ ልጅ ሠርግ ነበር። ፀጉሬን የምታጥበኝ ልጅ እጇን ከሰደደች በኋላ ድንገት አቆመች። ጓንት ላምጣ ብላ ሄደች፣ አልተመለሰችም። በእሷ ፈንታ የሳሎኑ ባለቤት መጥታ ጎንበስ ብላ፣ «ይቅርታ እህቴ፣ ሌላው ደንበኛ ይፈራል» አለችኝ። ውኃው ከፀጉሬ እየተንጠባጠበ ነጠላዬን ጣል አድርጌ ወጣሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ለስድስት ዓመት ያህል ከራሴ በቀር ማንም ፀጉሬን አልነካም።

እትዬ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የማመሰግነው እርስዎን ነው። ስምዎን እንዳልጽፍ አደራ ብለውኛልና አልጽፍም፤ ሽሮ ሜዳ ላይ ግን እርስዎ የሠሩት ሹሩባ ራሱ ስምዎን ይናገራል። የ2017 ጥምቀት ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አብራኝ የምታስተምር ጓደኛዬ እየጎተተች ቤትዎ አመጣችኝ። ሻሼን አልፈታም ብዬ ደጅ ላይ ስንት ቆምኩ! እርስዎ አልተቆጡኝም፤ ዱካውን ወደ መስኮቱ አስጠግተው፣ «ነይ እስኪ ብርሃን ወዳለበት» አሉኝ። ሻሹን ራስዎ ፈቱት። ትንፋሼን ይዤ እጅዎ እስኪሸሽ ጠበቅሁ። አልሸሸም። በሌባ ጣትዎ ቅርፊቱን ዳር ዳሩን ዳሰሱት፣ ፀጉሬን ገለጥ ገለጥ አድርገው ሥሩን አዩ። ከዚያ የተናገሩትን ዛሬም ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

«ልጄ፣ ይሄ ቆረቆር አይደለም። ቆረቆር ፀጉሩን ይሰብረዋል። ያንቺ ፀጉር ግን ቅርፊቱን በስቶ ወጥቷል። ይህን ሐኪም ሳያየው እኔ ሹሩባ አልሠራም።»

ደግሞም አንድ ሌላ ነገር አስተዋሉ። እኔ ቤቴ ውስጥ ለብቻዬ፣ ቅርፊቱ እንዲሸፈንልኝ ብዬ ፀጉሬን አጥብቄና አቅጥኜ እሠራው ነበር። «እዪ፣ ሹሩባው የተከፈለበትን መስመር ተከትሎ ነው የወጣው፤ ፀጉርሽን የምትወጥሪው ነገር ሳይጠላሽ አልቀረም» አሉኝ። በመስታወት ሳሳዩኝ እውነትም ቅርፊቱ በሚዶ የተሰመረ ይመስል መስመር ሠርቶ ተደርድሯል። በዚያ ቀን ራሴን በለብታ ውኃ አጥበው፣ ሻሼን መልሰው አስረው፣ አምስት ሳንቲም አልቀበልም ብለው ሸኙኝ።

ወደ አለርት ሆስፒታል የሄድኩት በእርስዎ ቃል ነው። እውነቱን ልናገር፣ ሆስፒታሉ ያለበት ዘነበወርቅ መግባት እፈራ ነበር። ሥጋ ደዌ የሚታከምበት ቦታ ነው፣ የሚያውቀኝ ሰው ቢያየኝ ምን ይለኛል እያልኩ በር ላይ ደርሼ አንድ ጊዜ ተመልሻለሁ። በሁለተኛው ቀን የቆዳ ሕክምናው ተራ መጠበቂያ ላይ መቀመጫ አጥቼ ቆሜ ሳለሁ ጣቶቻቸው ያጠሩ አንዲት አሮጊት ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ «ነይ የኔ ልጅ፣ ቦታ አለ» አሉኝ። እማማ፣ ይህ ጽሑፍ አይደርስዎትም ይሆናል። ሰው እንዳይነካኝ ስሸሽ የኖርኩትን እኔን እርስዎ አጠገብዎ አስቀመጡኝ። እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝመው።

ሐኪሜ፣ እርስዎንም ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ራሴን ብቻ አይደለም ያዩት፤ ክርኔን አዩ፣ ጉልበቴን አዩ፣ ጥፍሮቼን ወደ መብራቱ አስጠግተው በመርፌ ጫፍ የተወጋጉ የሚመስሉትን ጥቃቅን ጉድጓዶች አሳዩኝ። ጠዋት ስነሳ ጣቶቼ ይግተረተሩ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ሕመሙ መገጣጠሚያ ላይም ሊወጣ እንደሚችል የሰማሁት ያኔ ነው። ሶሪያሲስ የሚለውን ስም ከእርስዎ አፍ ሰማሁ። የጤነኛ ሰው ቆዳ ተወልዶ፣ አድጎ እስኪረግፍ አንድ ወር ገደማ ሲፈጅ የእኔ ግን የሰውነቴ መከላከያ ተሳስቶ ስለሚያጣድፈው በጥቂት ቀናት ውስጥ ላይ እየደረሰ እንደሚደራረብ ነገሩኝ። መጽሐፍ ላይ ቀይ ነው የሚባለው በእኛ ቆዳ ላይ ጠቆር ወይም ወይን ጠጅ መስሎ ስለሚታይ ብዙ ሰው እንደሚሳሳትበትም ጨመሩልኝ። ስለ ሹሩባው መስመር ስነግርዎ ደግሞ ሳቅ አሉና፣ ቆዳ ሲፋቅ፣ ሲቆስል ወይም ሲወጠር ሕመሙ በዚያው ቦታ ሊወጣ እንደሚችል፣ ነገሩም ኮብነር በተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ስም እንደሚጠራ ነገሩኝ። «ሹሩባ ሠሪዎ አስተዋይ ናቸው» አሉኝ። ይህን ለእትዬ ሳደርስላቸው ፊታቸው እንዴት እንደበራ ባዩ!

ከሁሉ በላይ ግን፣ «አይተላለፍም» አሉኝ። በማበጠሪያ አይተላለፍም፣ በትራስ አይተላለፍም፣ ልጅ በማቀፍ አይተላለፍም። በአውሮፓውያኑ 2014 የዓለም ጤና ጉባኤ ሶሪያሲስ የማይተላለፍ፣ ሥር የሰደደ፣ የሚያሠቃይ ሕመም መሆኑን በውሳኔው አስፍሮ፣ ሕሙማኑ እንዳይገለሉ አገሮች እንዲሠሩ ማሳሰቡንም ነገሩኝ። እዚያው ወንበር ላይ አለቀስኩ። እኔ እኮ ልጄን ፀጉሯን በእኔ ሚዶ አበጥሬያት አላውቅም ነበር።

ከዚያ በፊት የሄድኩባቸው ሁሉ መድኃኒት ነው የሰጡኝ፤ እርስዎ ግን «ፀጉርዎን በስንት ጊዜ ይታጠባሉ? ማን ይሠራዎታል? ምን ይቀባሉ?» ብለው ጠየቁኝ። ማገገሜ ከዚህ ጥያቄ ጀመረ ብል አላጋነንኩም። መድኃኒቱ የሚሠራው ቆዳ ላይ ነው፤ እኔ ስቀባው የኖርኩት ፀጉሬን እና ቅርፊቱን ነበር። ቅቤውም ቅርፊቱን ቢያለሰልስልኝም ሳምንት ሙሉ ተለድፎ ሲቀመጥ መድኃኒቱን አላሳልፍ ይላል። በየቀኑ ታጠቢ ቢባል ደግሞ የእኛ ፀጉር ይደርቃል፣ ይሰበራል። ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን ብለው ወሰኑ። ከማዘዣው ጋር ሌላ ወረቀት አውጥተው በጥሩ የእጅ ጽሑፍ፣ በአማርኛ፣ «ለሹሩባ ሠሪዋ» ብለው ጻፉ። ሐኪም ለሹሩባ ሠሪ ደብዳቤ ሲጽፍ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

እትዬ ፊደል ስላልቆጠሩ የልጅ ልጃቸው ሦስት ጊዜ አነበበችላቸው። ከዚያ በኋላ ወረቀቱ አላስፈለጋቸውም። ዓርብ ማታ ቤቴ ውስጥ ሳሊሲሊክ አሲድ የተቀመመበትን ቅባት ራሴን እየከፈልኩ ቅርፊቱ ላይ እቀባና በፌስታል እና በሻሽ አስሬ አድራለሁ። ቅዳሜ ጠዋት እትዬ ዘንድ ስደርስ ቅርፊቱ ረጥቦ ለቋል። እሳቸው በጥፍር አይነኩትም፤ በጣታቸው ሆድ እያሹ፣ ለብ ባለ ውኃ፣ ከድንጋይ ከሰል ዝፍት በሚሠራው ሻምፖ ያጥቡኛል። ሻምፖው እንደ አስፋልት ይሸታል፤ ቤቱ በሙሉ ይሸታል፤ አንድም ቀን ፊታቸውን አላጨማደዱም። አሥር ደቂቃ ራሴ ላይ ይቆያል፣ በዚያች አሥር ደቂቃ ቡና ይቆላል። ከታጠበ በኋላ ኮንዲሽነሩን ሥሩን ሳያስነኩ የፀጉሩን ቁመትና ጫፉን ብቻ ያስይዙታል፤ በጥርሰ ሰፊ ሚዶ ከጫፍ ወደ ሥር እየፈቱ ያበጥሩታል። ካስክ የለም፣ ካውያ የለም፣ ሪላክሰር የለም። በመጨረሻ ስምንት ወፋፍራም ሹሩባ፣ ላላ ብሎ፣ መካከሉ ሰፋ ያለ። ያ ሰፊ መካከል የመድኃኒቱ መንገድ ነው።

ልጄ፣ የኔ ዓለም፣ በዚያ መንገድ ጠብታውን ማታ ማታ የጨመርሽልኝ አንቺ ነሽ። ሐኪሟ ያዘዙልኝን ቤታሜታዞን የተባለ ፈሳሽ መድኃኒት ለአራት ሳምንት በየማታው፣ ከዚያ በሳምንት ሁለት ማታ ብቻ፣ በስልክ መብራት እያየሽ፣ ምላስሽን በጥርስሽ ይዘሽ፣ አንድ መስመር ሳትዘዪ ታንጠባጥቢልኝ ነበር። የአሥር ዓመት ልጅ ነሽ እኮ። «እማዬ፣ ዛሬ ይሄኛው መስመር ንጹሕ ነው» ያልሽኝን ማታ መቼም አልረሳውም። ሦስተኛው ሳምንት ነበር፤ ማሳከኩ ለቆኝ ሌሊቱን ሳልነቃ አደርኩ። በሁለተኛው ወር ማጅራቴ ጠራ። በአራተኛው ወር ግንባሬ ዳር የሳሳው ቦታ ላይ እንደ ሕፃን ፀጉር ለስላሳ የሆነ ነገር ብቅ አለ።

እህቴ፣ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሆነሽ ሻምፖው እዚህ በጠፋ ጊዜ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው በተገኘ ቁጥር አንድ አንድ ጠርሙስ የላክሽልኝ፣ በሻንጣቸው ቦታ ፈቅደው ያመጣችሁልኝም የማላውቃችሁ ወገኖቼ፣ ውለታችሁ አለብኝ። ባለቤቴ፣ ትራሳችንን በየጠዋቱ ምንም ሳትል ያራገፍከው አንተ ነህ። ዘጠኝ ዓመት። ጓደኛዬ፣ ያን ቀን ጎትተሽ ባትወስጂኝ ኖሮ ዛሬም ሻሹ ውስጥ ነበርኩ።

ይህን ለሚያነብ ሕመምተኛ አንድ ነገር ልናገር። ድኛለሁ፣ ነቅሎ ሄዷል አላልኩም። ሶሪያሲስ ይተኛል እንጂ ተመልሶ ይነሳል፤ የእኔም ሰኔ ላይ፣ የፈተና ወረቀት በተቆለለብኝ ሰሞን፣ ከግራ ጆሮዬ ኋላ ተነሥቶ ነበር። አልደነገጥኩም፤ ወደ ሐኪሜ ሄድኩ። እኔ የተቀባሁትን ጠብታ ከመድኃኒት ቤት ገዝታችሁ በራሳችሁ አትጀምሩ፤ ሲበዛ ቆዳ ያሳሳል፣ ጊዜውና መጠኑ የሐኪም ነው። ፀጉር የምትሠሩ እህቶቼ ደግሞ፣ እንዲህ ያለ ራስ ቢመጣባችሁ ጓንት ላምጣ ብላችሁ አትጥፉ። ካልቻላችሁም በቀስታ ንገሩ፤ ወደ ቆዳ ሐኪም ላኩ።

እትዬ፣ ባለፈው ቅዳሜ ስመጣ ያቺ የሐኪም ወረቀት አሁንም መስታወቱ ጎን ተለጥፋ አየኋት፤ ቅባት ነክቷት ጠርዟ ቢጫ ሆኗል። ዱካው ላይ ሻሿን ጭምቅ አድርጋ የያዘች አንዲት ወጣት ተቀምጣለች። እርስዎም፣ «ነይ እስኪ ብርሃን ወዳለበት» ሲሏት ሰማሁ። ሲሰሙኝ እንዳላለቅስ ብዬ ውኃ ለመቅዳት ወጣሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እመጣለሁ። ቡናውን እኔ ይዣለሁ፣ እንዳይገዙ።