ካንቤራው ላይ የነበሩት ሦስት ሰዎች

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የካቲት በመጣ ቁጥር ስለ ካራማራ ድል የምታወጡትን አነባለሁ፤ ቆርጬም አስቀምጣለሁ። ዘንድሮም አነበብኩ። የኤፍ-5 ተዋጊ ጀት አብራሪዎቹ ታሪክ ደጋግሞ ይነሳል፣ ይገባቸዋልም። እንደ ለገሰ ተፈራ ያለ፣ 11 ዓመት በሶማሊያ እስር ቤት የማቀቁ ሰው በየዓመቱ ቢጻፍላቸው አይበዛባቸውም። አንድ ነገር ግን ሁሌ ይከነክነኛል። አየር ኃይላችን በዚያ ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት ካንቤራ የሚባል ቦምብ ጣይ ጀትም ነበረው። በ1968 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዝ የመጡ 4 አውሮፕላኖች ናቸው፣ አራት ብቻ። ካንቤራ ላይ የሚሳፈረው ደግሞ ሦስት ሰው ነው። አብራሪው ከፊት ሆኖ ሰማዩን ያያል፤ ሁለቱ ከኋላው ጠባብ ቦታ ላይ ካርታቸውንና መሣሪያቸውን ይዘው ይቀመጣሉ። ቦምቡን የሚያነጣጥረው ሰዓቱ ሲደርስ ወንበሩን ትቶ ወደ አውሮፕላኑ አፍንጫ ሾልኮ ይገባና በደረቱ ተኝቶ በመስታወቱ ቁልቁል ያያል። እነዚህ ሰዎች የት ተጻፉ?

አጎቴ ከእነሱ አንዱ ነበር። ናቪጌተር ነበር፣ ካርታ ይዞ የበረራውን መንገድ የሚመራው። የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው፣ ጋሼ ነበር የምለው። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን ከደብረ ዘይት ወደ ናዝሬት መጣ፣ አሁን አዳማ ወደምንላት ማለቴ ነው፣ ትንሽ የመለዋወጫ ሱቅ ከፍቶ ልጆቹን አሳደገ። ስለ ጦርነቱ አንድም ቀን አላወራንም። እኛም አልጠየቅነውም፤ ዛሬ የሚቆጨኝ ይሄ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ሲያርፍ፣ ከአርባው በኋላ ባለቤቱ እትዬ ከአልጋ ሥር የቆርቆሮ ሳጥን አወጣችና አንቺ አስተማሪ ነሽ ውሰጂው ብላ ሰጠችኝ። ውስጡ የበረራ መዝገቡ፣ አንድ ፎቶ፣ ጥቂት የደመወዝ ወረቀትና በፌስታል የተጠቀለለ የሰርግ ጥሪ ነበር።

መዝገቡን ማንበብ ብቻውን ወራት ወሰደብኝ። ለሌሎችም ይጠቅማል ብዬ ስለማምን የተማርኩትን ልንገራችሁ።

ቀኑ በፈረንጅ ነው የተጻፈው። ኦገስት 1977 የሚለው፣ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ትተን፣ የኛ ነሐሴ 1969 ነው፤ ድሬዳዋ ላይ ውጊያው የጋለበት ወር። አንዳንዱ መስመር በቀይ ቀለም ተጽፏል። እኔ ከደብተር እርማት ጋር ስለኖርኩ ስሕተት መስሎኝ ነበር። ኋላ እንደተረዳሁት ግን የሌሊት በረራን በቀይ መጻፍ የእንግሊዞች የቆየ ልማድ ነው። ያን ካወቅኩ በኋላ ገጾቹን ሳገላብጥ ቀዩ እየበዛ የሚሄድበት ቦታ ላይ እጄ ይቆማል። እትዬ በነዚያ ወራት እንቅልፍ አልነበረንም የምትለው ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

ሰዓቱም እንዲሁ አስቸገረኝ። አንድ ቀን 3 ሰዓት ተነሳ ይላል። እትዬ ደግሞ በፍጹም ትላለች፤ ንጋት ላይ ልክ 12 ሰዓት አውሮፕላኑ በቤታችን ጣራ ላይ ሲያልፍ ሰምቻለሁ፣ ልጁን እያጠባሁ ነበር። ሁለቱም ልክ ናቸው። መዝገቡ በግሪንዊች ሰዓት ነው የተያዘው። በግሪንዊች 3 ሰዓት ማለት እዚህ በፈረንጅ አቆጣጠር ጠዋት 6 ሰዓት፣ በኛ አቆጣጠር ደግሞ ንጋት 12 ሰዓት ነው። ከአርባ ምናምን ዓመት በኋላ የእትዬ ጆሮና የጋሼ ብዕር አንድ ደቂቃ ላይ ሲገናኙ ሁለታችንም አለቀስን።

ፎቶው ጀርባ ላይ በእስክርቢቶ 1969 ተብሎ ተጽፏል፣ ዓ.ም. የለው፣ እ.ኤ.አ. የለው። በኛ ከሆነ የጦርነቱ ዓመት ነው። በፈረንጅ ከሆነ አውሮፕላኖቹ በመጡ በዓመቱ ነው። ሁለቱም ያስኬዳል። መልሱ የተገኘው ከኮፍያው ነው፤ የጋሼ ኮፍያ ላይ ያለው ዓርማ ዘውድ አለው። ደርግ ዘውዱን ካጠፋ በኋላ እንዲህ ያለ ዓርማ የሚያደርግ መኮንን ስለማይኖር ፎቶው የንጉሡ ዘመን ነው። ትከሻው ላይ ያለው ማዕረግም ገና የመቶ አለቃ ነው።

የስም ነገር ደግሞ አለ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። የውጭ አገር የስልጠና መዝገብ ግን የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይወስደዋል፣ አንዳንዴም የአያትን። ጸጋዬን የመሰለ ስም ከሆነ አንዱ በቲ ይጀምረዋል፣ ሌላው በኤስ፣ ሌላው በዜድ። አባታችሁን የምትፈልጉ ሰዎች በሁሉም መንገድ ፈልጉ። አንዴ ፈልጋችሁ አጣሁ ብላችሁ አትተዉ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የቀረውን ለማግኘት መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ስሙን አልጠራም። አንዱ ወታደራዊ ምስጢር ነው አለኝ፣ ሌላው በ83 ጠፍቷል አለኝ፣ ሦስተኛው ሰው እሑድ የመጣሁ ይመስል በሩ ላይ መለሰኝ። ከአዳማ ተነስቶ በሚኒባስ ሞጆን አልፎ፣ ጥበቃ ጋር ግማሽ ቀን ቆሞ፣ ባዶ እጅ መመለስ ያደክማል።

ከሁሉ የሚከፋኝ ሌላው ዓለም ይሄን እንዴት እንደያዘው ሳይ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ቦምብ ጣይ ክፍል ውስጥ 125 ሺህ ገደማ የበረራ ሠራተኛ አገልግሎ 55,573 ሞቷል። ላንካስተር በሚባለው አውሮፕላናቸው ሰባት ሰው ይሳፈር ነበር፤ ጅራቱ ላይ መትረየስ ይዞ የሚቀመጠው ሳይቀር ስሙ ይጻፋል። እያንዳንዱ ስኳድሮን፣ የበረራ ጓድ ማለት ነው፣ ማን እንደበረረ፣ ስንት ሰዓት እንደተነሳ፣ ስንት ሰዓት እንዳረፈ ይመዘግብ ነበር፤ ዛሬ ያ መዝገብ ለንደን፣ ኪው በሚባለው ቦታ ባለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ለማንም ክፍት ነው። አሜሪካኖች ደግሞ ጁላይ 12 ቀን 1973 እ.ኤ.አ. ሴንት ሉዊስ ከተማ ላይ የወታደሮቻቸው ማኅደር ተቃጥሎባቸው ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን ፋይል ጠፋ። ተቃጥሏል ብለው ግን አልተቀመጡም። ከደመወዝ ወረቀት፣ ከሆስፒታል መዝገብ፣ ከየጦር ክፍሉ የዕለት ሪፖርት እየለቀሙ ለጠያቂው ይሰበስቡለታል። የኛም የጡረታ ማኅደር እኮ አለ! ጡረታ የሚሰላው በአገልግሎት ዘመን ስለሆነ መቼ ገባ፣ ምን ማዕረግ ላይ ነበር የሚለው እዚያ ውስጥ አለ። ዋናው መዝገብ ጠፍቶ ከሆነ ከዚያ እንጀምር።

ይሄን የምጠይቀው አጎቴ እንዲሞገስልኝ ብቻ አይደለም። ቦምብ መሬት ላይ ሰው ያገኛል፣ ይሄን አውቃለሁ። ጣሊያን ደሴን በቦምብ ደብድቧል፤ በሰሜን ጦር ግንባር መርዝ ጋዝ ማዝነቡን ደግሞ ለስልሳ ዓመት ሲክድ ኖሮ በ1996 እ.ኤ.አ. ነው የመከላከያ ሚኒስትሩ ያመነው። የተጎዱት ሰዎች ቃል ሁሌም ነበር። ክህደቱን ያስተወው ግን የራሳቸው ወታደራዊ ወረቀት መቀመጡና ተመራማሪዎች ማንበባቸው ነው። እኛን የደበደቡን ሰዎች ማኅደር ሮም ውስጥ ተደርድሮ ሳለ የኛ ልጆች አገር ሲጠብቁ የበረሩበት ወረቀት አልጋ ሥር ምስጥ ይብላው? የአዳማን ሙቀትና አቧራ ታውቁታላችሁ፣ ወረቀት ብዙ አይቆይም።

የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። አዋጅ ቁጥር 590/2000 መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶናል። የአገር መከላከያ ምስጢር እንደሚጠበቅም ይናገራል፣ ትክክል ነው። ሃምሳ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ጦርነት ላይ አባቱ ወይም አጎቱ ምን ቀን፣ ከማን ጋር እንደበረረ የሚናገረውን ገጽ ቤተሰብ ቢያይ ግን ምን ይጎዳል? ገጹ ከሌለም የለም ተብሎ በጽሑፍ ይሰጠን።

አንባቢዎችም ሳጥናችሁን ክፈቱ። ፎቶውን ከፍሬሙ አውጥታችሁ ጀርባውን እዩ፣ በስልክ አንሱት፣ የምታውቁትን ስም በእርሳስ ጻፉበት፣ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነም ጨምሩ። ደግሞ ሽማግሌዎቹን ዛሬ ጠይቁ። ባለፈው ቢሾፍቱ አንድ ጡረተኛ የትጥቅ ክፍል ባለሙያ ጋ ሄጄ ነበር። ቦምቡን የሚሰቅሉት እነሱ ነበሩ። ማን እንደሚበር ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ይጻፍ እንደነበር፣ ማታ ማታ እንደሚጠፋ ነገሩኝ። ፎቶውን ሳሳያቸው መነጽራቸውን አውልቀው ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ለረጅም ጊዜ አዩት።

ሦስት ሰዎች ናቸው የቆሙት፣ ከኋላቸው የአውሮፕላኑ ክንፍ ይታያል። መሐል ያለው ጋሼ ነው። በቀኝ በኩል ያለው አብራሪው ነው፣ ስሙ መዝገቡ ላይ አለ። በግራ በኩል ኮፍያውን በብብቱ ይዞ የሚስቀውን ሽማግሌው በቅጽል ስሙ ብቻ አስታወሱት። የአባቱን ስም አላወቁም፣ ከየት እንደመጣም፣ የት እንደቀረም አያውቁም። ብታትሙልኝ ፎቶውን እልክላችኋለሁ። ከአንባቢዎቻችሁ አንዱ አባቴ ነው ሊል ይችላል።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከአዳማ