ሙዚቃና ፈውስን ከመዝናኛ ገጽ አውጡልን

ውድ አዘጋጅ፣

ሙዚቃና ፈውስን ስለሚያጠናው ሙዚቀኛ ምሁር ያወጣችሁትን ጽሑፍ እዚህ ሐዋሳ ሆኜ አነበብኩት። ደስ ብሎኛል። ግን ለምን መዝናኛ ገጽ ላይ? ቦታው ጤና ገጽ ነበር።

አክስቴ ስትሮክ ከመታት ወዲህ ቀኝ እጇ ዝሏል፣ አንደበቷም ተይዟል። ውሃ ሲጠማት «ውሃ» ማለት አቅቷት ጆጉን በዓይኗ ታሳያለች። አንድ ቀን ቡና ላይ ልጆቹ የሰርግ ዘፈን ሲያንጎራጉሩ ግን ተቀበለቻቸው፣ ግጥሙን አንድ ቃል ሳትገድፍ እስከ መጨረሻው። ቤቱ በእንባ ተራጨ። ጎረቤት ሁሉ ተአምር ነው አለ።

ተአምር አይደለም። በአብዛኛው ሰው ንግግርን የሚመራው የአንጎል ግራ ክፍል ነው፤ ዜማ ግን ቀኙንም ስለሚጠቀም ግራው የተጎዳበት ሰው መናገር አቅቶት መዝፈን ሊችል ይችላል። በ1973 እ.ኤ.አ. የቦስተን ባለሙያዎች ይህን ይዘው አንድ ሕክምና አስተዋወቁ። «ውሃ ስጡኝ» የመሰለ አጭር ነገር ከፍ ዝቅ ባለ ዜማ ይባላል፣ አብሮም የታማሚው ግራ እጅ ጠረጴዛ ላይ መታ መታ ይደረጋል፣ እያደር ዜማው እየቀነሰ ወደ ተራ ንግግር ይጠጋል። ሁሉም ላይ አይሠራም። መድኃኒትንም አይተካም፤ ሙዚቃ ይፈውሳል ሲባል ሰምቶ የደም ግፊት ክኒኑን የሚያቋርጥ እንዳይኖር ይህን በጉልህ ጻፉልን።

አክስቴ የታከመችበት ሆስፒታል እጅና እግሯን እንዴት እንደምታፍታታ አሳይቶ ሸኘን። ስለ ንግግሯ ግን ማንም ምንም አላለን። አሁን ቤት ውስጥ በራሳችን እየሞከርን ነው።

ለምሁሩም የምለው አለኝ። ዳዊት በገና እየደረደረ ሳኦልን እንዳሳረፈው ስንሰማ ነው ያደግነው፣ በጾም ወቅት 10ሩ አውታር ሲነዝር ልብ እንደሚረጋም እናውቃለን። ይህ ይለካ! ታማሚው በገና ከመስማቱ በፊትና በኋላ የደም ግፊቱ ይታይ፣ ውጤቱም ጥሩም ሆነ መጥፎ ይጻፍ። ደግሞ ዜማው የታማሚው የራሱ ይሁን። ጉዱማሌ አደባባይ ላይ ለፍቼ ጨምበላላ፣ ለሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ቄጣላ የሚባለውን ባህላዊ ጭፈራ ሲጨፍሩ የኖሩ የሲዳማ አባት በአማርኛ የሰርግ ዘፈን አንደበታቸው ይፈታል ብዬ አላስብም፤ ከልጅነታቸው የሚያውቁት ዜማ ነው የሚያስፈልጋቸው።

እና እባካችሁ በሚቀጥለው ዕትም ምሁሩን ከአንድ የነርቭ ሐኪም ጋር አስቀምጣችሁ ጠይቁልን። ታማሚው ከሆስፒታል ሲወጣ ንግግሩን ማን ያለማምደው? እኛ ዘንድ የቀረው ጥያቄ ይሄ ነው።

አንባቢያችሁ ከሐዋሳ